ብረት ለበስ ኬብል፦ ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ማድቤት

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «አርመርድ» የሚሉትን ኬብል በአማርኛ «ብረት ለበስ ኬብል» ብንለው ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ብረት ለበስ መኪናን የማያውቅ የለም፤ ይኸኛውም ብረት የለበሰ ነው። «ጥሩር ለበስ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ጥሩር ከጎልያድ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቀርቷል፣ ሱቅ ገብቶ በዚያ ስም ዕቃ የሚጠይቅ የለም።

ጫፉን በቢላ ቢገፉት መጀመሪያ የሚገኘው ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ ዚንክ የተቀቡ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ እንደ ገመድ ዘወር እያሉ ዙሪያውን ሸፍነውታል። ልብሱ የተባለው ይህ ነው። ከብረቱ ሥር ሌላ የፕላስቲክ ሽፋን አለ፤ መዳቦቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሽፋን ለብሰው ከዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ብረቱ የቤቱን ኤሌክትሪክ አያመላልስም። ሥራው ከአካፋ፣ ከዶማ፣ ከድንጋይና ከጥርስ መከላከል ነው።

ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግ ላይ የሚከላከለው ነገር ብዙ ነው። ማድቤቱ ወይም ሱቁ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ ጓሮ ውስጥ ይሠራል፤ መብራት ሲፈለግ ደግሞ ለቤት ውስጥ የተሠራ ተራ ሽቦ በማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይሄዳል። ዛፉ በነፋስ ይወዛወዛል፣ የጋምቤላ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ የደረቀው ይሰነጠቃል። መሬት ውስጥ ቢቀበርም ተራው ሽቦ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ጥቁሩ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፣ በክረምት ያብጣል፤ የተቀበረውን ሁሉ ወዲህና ወዲያ ይጎትታል። ምስጡ አለ፣ አይጡ አለ። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ጓሮው ራሱ ውኃ ውስጥ ይገባል።

«ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጌ እቀብረዋለሁ» የሚል ይኖራል። ርካሽ ነው፤ ግን ቱቦው ውኃ ከያዘ አይለቅም፣ ውስጡ ያለው ነጠላ ሽቦ ደግሞ ውኃ ውስጥ እንዲኖር አልተሠራም። እኔ ኢታንግ ላይ አልመክረውም። ሲገዙም አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ልብሱ ክብ ሽቦ የሆነና ልብሱ ጠፍጣፋ የብረት ጥቅልል የሆነ ኬብል አለ። ጠፍጣፋው ጫናን እንጂ መጎተትን እምብዛም አይችልም። ለሚንቀሳቀስ አፈር ባለ ክብ ሽቦው ይሻላል።

ልብሱ ከተመረጠ በኋላ የመዳቡ ውፍረት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ወሳኙ ርቀቱ ነው። ማድቤቱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ 40 ሜትር ይራቅ፣ ውስጡም 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይኑር እንበል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በሙቀት በኩል ይህን ይችላል። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ 40 ሜትር ሄዶ 40 ሜትር ስለሚመለስ 9 ቮልት ተኩል ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ4 ከመቶ በላይ ማለት ነው። ኬብሉ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። የምጣዱ ሙቀት ከቮልቴጁ እጥፍ በሆነ መጠን ስለሚቀንስ 8 ከመቶ ያህሉ ይጎድላል፤ ከመስመሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ራሱ ዝቅ ያለ ከሆነ እንጀራው ዓይን ማውጣት ይቸገራል። ባለ 4 ካሬ ቢሆን መንገድ ላይ የሚቀረው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል፣ ከ3 ከመቶ በታች ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለመብራት 3፣ ለሌላው ዕቃ 5 ከመቶ ድረስ ይፈቅዳል። በዚያው ኬብል የማድቤቱ አምፖልም ስለሚበራ 4 ካሬውን መያዝ ነው። ርቀቱ 60 ሜትር ከሆነ 6 ካሬ።

ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ከዚያም ይጥለቅ። ሥሩም ላዩም አሸዋ፣ ከላይ የሸክላ ጡብ ወይም ማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ነገ ዛፍ ሊተክል የሚቆፍር ሰው አስቀድሞ ያንን እንዲያገኝ። ኬብሉ ሳይቀጠል ወጥ ሆኖ ይሂድ። መሬት ውስጥ ያለ ቅጥል ጎርፍ በመጣ ቁጥር ውኃ የሚገባበት በር ነው። ማድቤቱ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ይውጣ፣ የማድቤቱ ሳጥንም ያለፈው ጎርፍ ግድግዳው ላይ ከተወው የጭቃ መስመር በላይ ይሰቀል። የመስመሩን ከፍታ የማያስታውስ ሰፈር ኢታንግ ውስጥ ብዙ አይደለም።

ብዙ ሠራተኛ የሚዘለው ጫፉን ነው። የብረቱ ልብስ ሁለቱም ጫፍ ላይ «ግላንድ» በሚባለው ማጥበቂያ መያዝና ከምድር ሽቦው ጋር መገናኘት አለበት። ዝም ብሎ ተቆርጦ ከተተወ፣ አንድ ቀን ዶማ ልብሱን አልፎ ኤሌክትሪክ ያለበትን መዳብ (ፌዙን) ሲነካው ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ይቀመጣል፤ በትክክል ከታሰረ ግን ብሬከሩ ወዲያው ይዘላል። በጎርፍ አካባቢ ግላንዱ ሊዝግ ስለሚችል ምድሩን ለብረቱ ብቻ አልተወውም። ባለ ሦስት መዳብ ኬብል ገዝቶ ሦስተኛውን ለምድር ማድረግ፣ መነሻው ላይ ደግሞ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚዘል ብሬከር መግጠም ይገባል። ማድቤቱ ውስጥ ባዶ እግሯን እርጥብ መሬት ላይ ቆማ የምትጋግር ሰው አለች።