በወረርሽኝ ጊዜ የማይቋረጡ ሥራዎች

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሥራ ተፈታ፤ ሠራተኛውን ከሥራው የለየው ዐዋጅ ሳይሆን ሕመም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲገባ ግን የትኛው ሥራ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ለመንግሥት ቀረበ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ግን አገሪቱን በሙሉ አልዘጋም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነበርና።

ለዚህም የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ምሳሌ ይሆናል። ከሚሴ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ባቲም በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ገበሬው እህሉን፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚሸጠው፣ ተሸካሚውም የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በገበያ ቀን ነው። ስለሆነም አስፈላጊው ሠራተኛ የሚታወቀው በሙያው ማዕረግ ሳይሆን፣ እርሱ በቀረ ቀን በሚጎድለው ነገር ነው።