ኮምፒውተር ሲከፈት ለምን ይዘገያል? የማያገለግሉ ክፍሎችን በመዝጋት ጊዜን መቆጠብ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ባሉ ከተሞች የብዙ ሰው ጉዳይ የሚያልፈው በኮምፒውተር ነው። ከዘጌ ወይም ከፎገራ የመጣ አርሶ አደር ማመልከቻ ሲያስጽፍ፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያሳትም ደጅ የሚጠናው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር ነው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ መነሳት አለበት። በዚህ ጊዜ የሚባክነው ደቂቃ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ላይ ይደመራል። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ባለቤት ያለ ወጪ የሚሞከር መላ አለ፤ ይኸውም የማያገለግሉ ክፍሎችን መዝጋት ነው።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ዊንዶውስ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ቦታውን የያዘው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ የተባለው ተተኪው ቢሆንም በተለምዶ ሁለቱም ባዮስ ይባላሉ። ይህ ፕሮግራም ሚሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል፤ ቀጥሎም ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ይፈልጋል። የሌለ ዕቃ እንዲፈልግ ከታዘዘ ግን መልስ እስኪያጣ ድረስ ይጠብቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ መለካት ይገባል። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት በተጫኑባቸው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ ኮምፒውተሮች ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በውስጡ ስታርትአፕ በሚለው ገጽ ላይ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ችግሩ በዊንዶውስ ወይም በዲስኩ ዘንድ ነው፤ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ መተካት የተሻለ መፍትሔ ይሆናል። ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ከደረሰ ግን ባዮሱን ማየት ይጠቅማል።

ምን ይዘጋ?

ወደ ባዮስ ለመግባት ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ወዲያውኑ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ቁልፉ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ሲሆን በኤች.ፒ ኤፍ 10፣ በብዙዎቹ የሌኖቮ ዴስክቶፖች ደግሞ ኤፍ 1 ነው። ከገቡ በኋላ የሚከተሉትን ማስተካከል ይቻላል፦

1. የመነሻ ቅደም ተከተል፦ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ከሲዲና ከፍላሽ በፊት አንደኛ ይሁን።
2. ከኔትወርክ መነሳት፦ ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ላይ የሚያስነሳው ሰርቨር ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ያባክናል። እንዲህ ያለ ሰርቨር በሌለበት ቤት ይዘጋ።
3. የፍሎፒ መቆጣጠሪያ፦ ፍሎፒ ማንበቢያ በሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ ይዘጋ።
4. ባዶ የዲስክ መሰኪያዎች፦ ምንም ያልተሰካባቸው የሳታ መሰኪያዎች ይዘጉ።
5. ሲሪያልና ፓራለል መሰኪያዎች፦ ትርፋቸው ትንሽ ነው። አሮጌ ማተሚያ ወይም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከተሰካባቸው ፈጽሞ አይነኩ።

«ፋስት ቡት» የሚል ምርጫ ካለም ቢከፈት ፍተሻውን ያሳጥራል።

ምን አይነካ?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ምንም ከመለወጥ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት የተሳሳተውን በቀላሉ ለመለየት ይረዳል። ዩ.ኤስ.ቢን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ኪቦርድና ማውስን ሊያሳጣ ይችላል። የሳታን የአሠራር ዓይነት መለወጥ ዊንዶውስን ከመነሳት ሊያግድ፣ ሴኪዩር ቡትንና ቲ.ፒ.ኤምን መዝጋትም የተቆለፈ ዲስክ የማስከፈቻ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርግ ይችላል። የባዮስ ማሻሻያ መጫን ደግሞ ከዚህ ሥራ ጋር አይገናኝም፤ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

አንዳች ስህተት ቢፈጠር «ሎድ ዲፎልትስ» የሚለው ምርጫ የፋብሪካውን አቀማመጥ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳስት ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። በብዛት የሚገኘው ባለ 3 ቮልት ሲ.አር 2032 ነው። ባትሪው ካልተቀየረ በብዙ ኮምፒውተሮች፣ በተለይም በአሮጌዎቹ፣ የተስተካከለው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይረሳል፤ ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

ይህ ሥራ አሮጌውን ኮምፒውተር አዲስ አያደርገውም። ነገር ግን የሌለውን ከመፈለግ ያሳርፈዋል፤ መብራት በተመለሰ ቁጥርም ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ ቶሎ እንዲስተናገድ ይረዳል።