የላዮልና የሳቮዋ ሰንጢዎች

በፈረንሳይ አገር፣ በኦብራክ ደጋ ባለችው በላዮል መንደር ፒዬር ዣን ካልሜል በ1829 እ.ኤ.አ. ገደማ የጀመረው የሰንጢ ጥበብ፣ እጀታው ከቀንድ፣ ስለቱም በጀርባ ሞላ የሚያዝ ሆኖ፣ በ1880 ገደማ ቡሽ መንቀያ ተጨምሮለት፣ ፓሪስ ላይ ቡና ቤት ከከፈቱ የአገሩ ልጆች ጋር ከተማ ገባ። በእጀታው ላይ በምስማር ነጥቦች ስለተሠራው መስቀል፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ እረኞች ሰንጢውን ዳቦ ላይ ተክለው ይጸልዩበት ነበር የሚል ትውፊት አለ፤ ይህን ግን ነጋዴዎች ሳያሳምሩት አልቀሩም እላለሁ። በአንጻሩ ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 በዚያው በፈረንሳይ፣ በሳቮዋ ተራሮች ያበጀው ሰንጢ፣ በ1955 ከተጨመረለት፣ ስለቱ ድንገት ታጥፎ ጣት እንዳይቆርጥ ከሚቆልፈው ቀለበት በቀር፣ ከአንድ ስለትና ከአንድ የእንጨት እጀታ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ለዕለት ተግባር የምመርጠው ይህን ነው፤ ዳሩ ግን እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላወጣም ይላል።