በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አባወራ፦ የምናባዊ ሰርቨር አመጣጥ

ኮምፒውተር እንደ ዛሬው በየጠረጴዛው ላይ ከመቀመጡ በፊት አንዱ ማሽን ሰፊ ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋውም ለትልቅ መሥሪያ ቤት እንኳ የሚከብድ ዕቃ ነበር። ተጠቃሚው ሥራውን በካርድ ላይ አስበስቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ ተራው ደርሶ ውጤቱ እስኪወጣ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይጠብቃል። በፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትሳሳት ወረፋው እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል። ዛሬ «ምናባዊ ሰርቨር» የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ወረፋ ነው። የባለጸጎች ቅንጦት የሚመስለው ይህ ጥበብ መነሻው እጥረት መሆኑ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1964 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው የኬምብሪጅ ከተማ ነው። በዚያ ዓመት ኤም.አይ.ቲ. የተባለው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገለገልበትን ሥርዓት ለመሥራት ሲነሣ የአይ.ቢ.ኤም.ን ትቶ የጄኔራል ኤሌክትሪክን ማሽን መረጠ። ይህ በዘመኑ ገበያውን ለተቆጣጠረው ለአይ.ቢ.ኤም. ቀላል ሽንፈት አልነበረም። በዚያችው ከተማ የነበረው የኩባንያው የሳይንስ ማዕከል የራሱን መፍትሔ ፍለጋ ሥራ ጀመረ። ሮበርት ክሪሲና የሥራ ባልደረቦቹ ያመጡት ሐሳብ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ሌሎቹ አንድን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለብዙ ሰው የማከፋፈል ውስብስብ ሥራ ውስጥ ገብተው ሳለ፣ እነዚህኞቹ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ኮምፒውተር መስጠትን መረጡ። ኮምፒውተሩ ግን በእርግጥ የሌለ ኮምፒውተር ነው።

«ሲፒ-40» የተባለው ይህ ሥርዓት በጃንዋሪ 1967 መደበኛ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በአንድ ማሽን ላይ እስከ 14 የሚደርሱ ምናባዊ ማሽኖች ይቀመጡ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው 256 ኪሎባይት ሚሞሪ ያላቸው ይመስላቸዋል። የዛሬ አንባቢ በቁጥሩ ፈገግ ሊል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ይህ የአንድ ሙሉ ኮምፒውተር ልክ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. ሐሳቡን አሻሽሎ በኦገስት 1972 «ቪኤም/370» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ምናባዊ» የሚለው ቃል በአማርኛ ተለምዷል፤ ነገር ግን ትንሽ ያሳስታል። ምናብ ሲባል በሐሳብ ብቻ ያለ፣ የማይዳሰስ ሕልም ይመስላል። ምናባዊው ማሽን ግን እውነተኛ ሥራ ይሠራል፤ ደብዳቤ ይልካል፣ ሒሳብ ያሰላል፣ ሲበላሽም እውነተኛ ኪሳራ ያደርሳል። ሌሎቹ ቃላት የተሻለ ዕድል አላቸው። ምናባዊዎቹን ተሸክሞ የሚኖረው እውነተኛ ማሽን «አስተናጋጅ»፣ በላዩ የሚኖሩት ደግሞ «እንግዶች» ይባላሉ። የጥበቡ ፍሬ ነገር እንግዳው እንግዳ መሆኑን አለማወቁ ነው። ቤቱ ሁሉ የእርሱ፣ ጓዳው ሁሉ በእርሱ ቁልፍ የሚከፈት ይመስለዋል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አሥር እንግዶች ቢኖሩ አሥሩም አባወራ ነን ባዮች ናቸው። ከሁሉ በላይ ሆኖ የሚያስታርቃቸው ሶፍትዌር «ሃይፐርቫይዘር» ይባላል። በዚያ ዘመን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት «አለቃ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራ ስለነበር፣ አዲሱ ስም «የአለቆች አለቃ» እንደ ማለት ነው።

በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ማሽን ይህን ዓይነት እንግዳ ማስተናገድ እንዲችል ምን ማሟላት እንዳለበት በሒሳብ ቋንቋ ጻፉ። እንግዳው በእውነተኛው ማሽን ላይ ያለ ያህል መሥራት አለበት፤ አብዛኛው ሥራው ያለ ጣልቃ ገብነት በቀጥታ መከናወን አለበት፤ የንብረቱ ሥልጣን ግን ምን ጊዜም ከአስተናጋጁ እጅ መውጣት የለበትም። ይህ እንዲሳካ እንግዳው የአለቃን ትእዛዝ ለመፈጸም በሞከረ ቁጥር ፕሮሰሰሩ «ያዙት!» ብሎ መጮኽ ይኖርበታል። የአለቆች አለቃ የሚነቃው ያንን ጩኸት ሲሰማ ነው።

ችግሩ የመጣው ኮምፒውተር ከአዳራሽ ወርዶ ሰው እጅ ሲገባ ነው። በ1978 ኢንቴል ባወጣው የፕሮሰሰር ዘር ላይ የተመሠረቱት የግል ኮምፒውተሮች ዓለምን ሲሞሉ የፖፔክና የጎልድበርግን መስፈርት ያሰበ አልነበረም። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት በፔንቲየም ፕሮሰሰር ውስጥ መጮኽ ሲገባቸው የማይጮኹ 17 ትእዛዞችን ቆጥሯል። ከነዚህ አንዱ «ፖፕኤፍ» ነው። ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ ከመሣሪያዎች የሚመጡ ጥሪዎች እንዲታገዱ ቢጠይቅ ፕሮሰሰሩ አይፈጽምለትም፤ ስሕተት ነው ብሎም አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እንግዳው በሩን የዘጋ ይመስለዋል፤ በሩ ግን ክፍት ነው፤ አስተናጋጁም አልሰማም። በዚህ ዓይነት ዝምታ ላይ ቤት መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ያህል ምናባዊ ማሽን የአይ.ቢ.ኤም. ታላላቅ ደንበኞች ሀብት ሆኖ ቀረ።

ዝምታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአጥጋቢ ሁኔታ ያለፉት በ1998 ቪኤምዌር የተባለውን ኩባንያ ያቋቋሙት ዳያን ግሪን፣ የስታንፎርዱ መምህር ሜንደል ሮዘንብለምና ጓደኞቻቸው ናቸው። ዘዴያቸው ከአስተርጓሚ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። እንግዳው የሚናገረውን እየቀደሙ ያነባሉ፤ አደገኛዎቹን ትእዛዞች ፕሮሰሰሩ ጆሮ ከመድረሳቸው በፊት ጉዳት በሌላቸው ይለውጣሉ፤ የቀረውን እንዳለ ያሳልፋሉ። በ1999 ለሽያጭ የቀረበው ሥራቸው ብዙዎችን አስደንቋል። ይሁን እንጂ የሚሸጥ፣ ውስጡም የማይታይ ዕቃ ነበር።

በሌላ በኩል ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኦገስት 1991 ያስተዋወቀው ሊኑክስ በዚህ ጊዜ ጎልምሷል። ሊኑክስ ማንም ሊያነበው፣ ሊቀይረውና ሊያከፋፍለው የሚችል በመሆኑ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1999 ጄፍ ዳይክ የሊኑክስን እምብርት ራሱን እንደ ተራ ፕሮግራም በሌላ ሊኑክስ ላይ እንዲሠራ አደረገው። ዝግ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ምንም ልዩ ማሽን አይፈልግም። በ2003 በአሜሪካ የተቋቋመው ሊኖድ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ትንንሽ ሰርቨሮችን ለግለሰቦች በወር ኪራይ ማቅረብ ጀመረ። አንድ ተራ ሰው ሙሉ ሥልጣን ያለው የራሱ ሰርቨር በርካሽ ማግኘቱ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሌላ ኬምብሪጅ፣ ይህኛው የእንግሊዙ፣ ወደ ታሪኩ ገባ። በኢያን ፕራት የሚመራው የዩኒቨርሲቲው ቡድን ያወጣው «ዜን» የተባለ ሃይፐርቫይዘር እንግዳውን ማታለሉን እርግፍ አድርጎ ተወ። «አንተ እንግዳ ነህ፤ በሩን ማዘጋት ስትፈልግ ለእኔ ንገረኝ» ይለዋል። ለዚህም የእንግዳው እምብርት አስቀድሞ መታረም አለበት። ሊኑክስን ማረም ይቻላል፤ ምንጩ የተዘጋውን ዊንዶውስን ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማረም አይቻልም። እውነት የተነገረው እንግዳ ከተታለለው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም በአንድ ሰርቨር ላይ እስከ 100 እንግዳ ለማስተናገድ አልመው ነበር። ድካሙ በአስተናጋጁ በኩል ነበር። ዜን ከሊኑክስ በታች የሚቀመጥ የተለየ ንብርብር በመሆኑ ልዩ እምብርት ይፈልጋል፤ ለአስተናጋጅነት የሚያስፈልገው ማሻሻያ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ ተሟልቶ የገባው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ዜንን በሊኑክስ ላይ የተከለ ሰው እምብርቱን በተቀየረ ቁጥር መከራውን ያይ ነበር።

ፕሮሰሰር ሠሪዎቹም በመጨረሻ ሰሙ። ኢንቴል በኖቬምበር 2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 ዝም ይሉ የነበሩትን ትእዛዞች ለአስተናጋጁ የሚያሳውቅ አዲስ የአሠራር ስልት በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ አስገቡ። በኦክቶበር 2006 ኩምራኔት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ይሠራ የነበረው አቪ ኪቪቲ ይህን የሚጠቀም አጭር ሥራ ለሊኑክስ አዘጋጆች ላከ። ስሙ «ኬቪኤም» ነው። ጥበቡ አዲስ የአለቆች አለቃ አለመሥራቱ ላይ ነው። ሊኑክስ ሚሞሪ ማደልን፣ ለፕሮግራሞች ተራ መስጠትን፣ ከመሣሪያዎች ጋር መነጋገርን ከድሮም ያውቃል፤ ታዲያ እርሱ ራሱ ለምን አስተናጋጅ አይሆንም? በኬቪኤም እያንዳንዱ እንግዳ በሊኑክስ ዓይን አንድ ተራ ፕሮግራም ነው፤ በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ይታያል፤ በተራ ትእዛዝም ይገደላል። ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና ሌላውን የቤት ዕቃ የሚያስመስልለት ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው «ኪውኤምዩ» ነው። ኬቪኤም በፌብሩዋሪ 2007 በወጣው የሊኑክስ እትም ውስጥ ተካተተ። ከአራት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። በ2008 ሬድ ሃት ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያ ምናባዊ ሰርቨሩን በሊኑክስ ላይ የሚተክል ሰው የሚያልፍበት መንገድ ምን ይመስላል? አስቀድሞ ፕሮሰሰሩ አዲሱ ስልት እንዳለው ማረጋገጥ አለበት። ሊኑክስ የፕሮሰሰሩን ጠባይ በሚዘረዝርበት ፋይል ውስጥ በኢንቴል «ቪኤምኤክስ»፣ በኤ.ኤም.ዲ. «ኤስቪኤም» የሚል ምልክት ይፈለጋል። ምልክቱ እያለ እንግዳው እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፤ ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው «ባዮስ» ውስጥ ፋብሪካው አጥፍቶ የተወው መብት ነው። ቀጥሎ ዲስክ ይፈጠራል። ይህ ዲስክ በአስተናጋጁ ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው፤ 20 ጊጋባይት ነኝ ብሎ ለእንግዳው ቢምልም የሚይዘው ቦታ የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪው ይፈተናል። እንዲህ ያሉ ቃል ኪዳኖችን ለአምስትና ለስድስት እንግዳ መግባት ቀላል ነው፤ ሁሉም ቃሉ እንዲፈጸምላቸው የጠየቁ ቀን ግን እውነተኛው ዲስክ ሞልቶ እንግዶቹ በያሉበት ይቆማሉ። ሚሞሪም እንዲሁ ነው። አራት ጊጋባይት ያለው ማሽን ለአራት እንግዶች አንዳንድ ጊጋባይት ቢሰጥ ለባለቤቱ ለራሱ የሚቀር የለም፤ ማሽኑ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ማቃሰት ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኔትወርኩ ነው። እንግዳው በውጭ ሰዎች ዘንድ በራሱ አድራሻ እንዲታወቅ በአስተናጋጁ ውስጥ «ብሪጅ» የሚባል ምናባዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ የአስተናጋጁ አድራሻም ከኔትወርክ ካርዱ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ ይዛወራል። ይህን ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው በአንድ መሥመር ቢሳሳት የቆመበትን ቅርንጫፍ ቆረጠ ማለት ነው። ግንኙነቱ ይቋረጥና ማሽኑ እስካለበት ክፍል በእግር መሄድ ግድ ይሆናል። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ አንድ ማሽን ጠፋ አይባልም፤ የደብዳቤው፣ የሒሳቡና የድረ ገጹ ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት አብረው ይወድቃሉ። ለአሥር እንግዶች አንድ አስተናጋጅ የገዛ ሰው ከማሽኑ ያተረፈውን ገንዘብ በከፊል ለባትሪ ማውጣት ይኖርበታል።

የዚህ ታሪክ ከአፍሪካ ጋር የሚገናኝበት ክር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ምናባዊ ሰርቨርን እንደ ውኃና መብራት በሰዓት ቆጥሮ የማከራየቱን ንግድ የቀየረው የአማዞን «ኢሲ2» አገልግሎት የተሠራው በኬፕታውን ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ፒንክሃም በአማዞን ከፍተኛ ኃላፊ ሳለ ወደ አገሩ ለመመለስ ፈለገ፤ ኩባንያው እንዳያጣው እዚያው ቢሮ እንዲከፍት ተስማማ። ከቪለም ፋን ቢልዮን ጋር በመሆን ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በትንሽ ቡድን የሠሩት ሥራ በኦገስት 2006 ለሙከራ ለሕዝብ ቀረበ። በዜን ላይ የቆመ ሆኖ 1.75 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው አንድ ሊኑክስ በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ይከራይ ነበር።

ማሽኖቹ ግን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነበሩ። በዚያ ዓመት በኬንያም ሆነ በታንዛኒያ ጠረፍ የደረሰ የባሕር ሥር ፋይበር ገመድ አልነበረም፤ «ሲኮም» ሞምባሳና ዳሬሰላም የገባው በጁላይ 2009 ነው። እስከዚያ ድረስ የናይሮቢ ሰው የኬፕታውንን ሥራ የሚጠቀመው በሳተላይት ሰማይ ወጥቶ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ነበር። ሒሳቡም የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ለአዲስ አበባ ወጣት ከገመዱ ይልቅ ይኼኛው በር ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ኬቪኤም የመጣው በዚሁ ሰሞን መሆኑ ስለዚህ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ያገለገለ ኮምፒውተርና የሊኑክስ ሲዲ ያለው ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ በክፍሉ ውስጥ አስተናጋጅ መሆን ቻለ። ተከራይ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ ጥበቡን ከሥሩ የሚማርበት ዕድል ነው።

ባለቤትነቱም ባዶ ክብር አልነበረም። አስተናጋጁ ከፈለገ የእንግዳውን ሚሞሪ ማንበብ ይችላል፤ ሥልጣን ከእጁ እንዳይወጣ የሚለው የ1974ቱ መስፈርት ውጤት ነው። በጃንዋሪ 2018 «ሜልትዳውን» እና «ስፔክተር» የተባሉት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሲወጡ ደግሞ እንግዶች ራሳቸው በግድግዳው ስንጥቅ የአስተናጋጁን ወይም የጎረቤታቸውን ምስጢር ሊያዩ የሚችሉበት ሁኔታ እንዳለ ታወቀ። ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ፕሮሰሰር የሚጋሩ ድርጅቶች ሁሉ ማሽኖቻቸውን ለማደስ ተሯሯጡ፤ እድሳቱም ፍጥነት ቀነሰባቸው።

አማዞን ራሱ በኖቬምበር 2017 ለአዲሶቹ ማሽኖቹ ዜንን ትቶ በኬቪኤም ላይ ወደተመሠረተ ሃይፐርቫይዘር ተሸጋገረ። የኩባንያው የመጀመሪያዎቹ የአፍሪካ የመረጃ ማዕከሎች በኬፕታውን አገልግሎት የጀመሩት በኤፕሪል 2020 ሲሆን፣ አገልግሎቱ ከዚያች ከተማ ተሠርቶ ከወጣ ወደ አሥራ አራት ዓመት እየተጠጋ ነበር።