ሁሉም «ሂንዲ» የተባለበት ታሪክ

በጅግጅጋም በሉት በቶጎ ውጫሌ የህንድ ፊልም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ «ሂንዲ»። በሶማልኛ ሲተረጎም ደግሞ «ሂንዲ አፍ ሶማሊ» ይሆናል። ጉዱ ግን ከቅርብ ዓመታቱ ፊልሞች ብዙዎቹ ከሂንዲ ቋንቋ ጋር አይተዋወቁም! ታሚል ናቸው፣ ቴሉጉ ናቸው፣ ማላያላም ናቸው።

ስሙ የድሮ ሲኒማ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውና በአፍሪካ ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት የታየው «ማዘር ኢንዲያ» የቦምባይ ሥራ ነው፤ ቋንቋውም ሂንዲ። ደቡቦቹ ዘግይተው ሲመጡ ተዘጋጅቶ በጠበቃቸው ስም ገቡ። (ሰዎቹ እንኳ ከፊልሞቹ ቀድመው መጥተዋል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አባቶቻችንን ካስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ማላያላም ተናጋሪ የኬረላ ሰዎች ነበሩ።)

ልዩነቱ ታዲያ የስም ብቻ አይደለም። የማላያላሙ «ድሪሽያም» (2013 እ.ኤ.አ.) ጀግና አስር ሰው በቡጢ የሚዘርር ጎረምሳ ሳይሆን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ የኬብል ቴሌቪዥን ነጋዴ ነው። ቤተሰቡን ከፖሊስ የሚያድነው ፊልም በማየት በተማረው ብልሃት ነው፤ ለእኛ ለቪዲዮ ቤት ልጆች ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? ታሚሎቹም በ2015 «ፓፓናሳም» ብለው፣ ከማል ሃሳንን ይዘው ደገሙት።

ለጅግጅጋ የምንመርጠው ግን በ2024 የወጣውን «አዱጂቪታም» ነው። ሥራ ፍለጋ ሳዑዲ ሄዶ በረሃ ላይ በግዳጅ የፍየል እረኛ የሆነ የኬረላ ሰው ታሪክ ነው። «ታህሪብ» የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ፊልሙ በተነሳበት የቤንያሚን ልብ ወለድ (2008) ደግሞ፣ በበረሃው መንገድ የሚመራው ኢብራሂም ካድሪ ሶማሌ ነው። በፊልሙ የሄይቲው ተወላጅ ጂሚ ዣን ሉዊ ተጫውቶታል፤ እኛ ብንሆን የሰፈራችንን ልጅ እንመርጥ ነበር።