ብርብራና ቡና በሶር ዳር

ከበደሌ ተነስቶ ያዩንና ሁሩሙን አልፎ ወደ መቱ የሚሄድ መንገደኛ ጫካው ግራ ቀኙን ይዞት፣ ዝናቡ ሲያባራ ጭጋጉ እየተቀበለው፣ ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እያየ ይጓዛል። ከነዚያ ባለጥላ ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም በዱር አይበቅልም።

ብርብራ ለቡናው ጥላ ነው፣ ቅጠሉም ረግፎ አፈሩን ያለማል። ፍሬውን ግን የዱሮ ሰው ለሌላም ያውቀዋል። ወንዙ ጎደል ሲል ይለቅመዋል፣ ከዚያም ያደርቀዋል፣ ከዚያም ይወቅጠዋል፣ ከዚያም ዱቄቱን ውሃው ረጋ ያለበት ላይ በትኖ ዳር ቁጢጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አፉን ከፍቶ ይንሳፈፋል፣ ሰውየውም በእጁ ይለቅማል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ነው፤ ዓሣው በስንጥቡ የሳበውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ያልቃል፤ የ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን መከልከሉ ደግ ነው።

አሁን ቡናውን ተመልከቱልኝ። መኸሩ ሲደርስ እሸት ቡናው ወደ መፈልፈያ ይጫናል፣ ማሽኑ ገለፈቱን ይገፈዋል፣ ከዚያም ፍሬው ገንዳ ውስጥ ይቦካና ልጋጉ በውሃ ይታጠባል፣ ከዚያም ያ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ጉድጓድ ካልተማሰለት ወንዝ ይገባል። በውስጡ ያለውን ስኳር ጥቃቅን ተህዋስያን ይበሉታል፣ ሲበሉም የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ውሃውም ይኮመጥጣል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ በሚቀንስበት ወራት ነው። ዓሣው እንደ ብርብራው ጊዜ አፉን ይከፍታል፤ ዳር ቁጢጥ ብሎ የሚያየው ግን የለም።

እንግዲህ የላቦራቶሪ ሰው ሥራ ያንኑ ማየት ነው፣ ግን በልክ። ውሃውን በጠርሙስ ይቀዳል፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር እየቀላቀለ ከወፍራም እስከ ቀጭን ይደረድረዋል፣ ከዚያም በየብርጭቆው ዳፍኒያ የምትባለውን ደቃቃ ፍጥረት ይጨምርና 48 ሰዓት ይጠብቃል፤ በዓሣ ከሆነ 96። ከዳፍኒያዎቹ ግማሾቹን ያደነዘዘው፣ ከዓሣዎቹ ደግሞ ግማሾቹን የገደለው ቅልቅል የመርዙ ልክ ይሆናል።

እኔ ግን ወንዙ ዳር የሚሠራውን ዘዴ እወደዋለሁ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በደቡብ ምዕራብ ወንዞች ሠርተውበታል። ከመፈልፈያው በላይ ድንጋይ ይገለበጣል፣ በታችም ይገለበጣል። ከላይ ባለሦስት ጭራ ስስ እጮች ተጣብቀው ከተገኙ፣ ከታች ግን ቀያይ ትል መሳዮች ብቻ ከቀሩ፣ ወንዙ መታፈኑን ለማወቅ ብርጭቆ አያስፈልግም።

በመቱ በኩል የሚያልፈው የሶር ወንዝ ውሃ ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፣ ገባም ከብርብር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፣ ባሮም ጋምቤላ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ዓሣ የዕለት ምግብ ነው። ስለዚህ በመቱ በኩል ያለን ሰዎች ሱሪያችንን ሰብስበን፣ ወንፊት ይዘን፣ አልቅቱን ችለን ብንገባ ይበጃል፤ የመፈልፈያው ባለቤትም አብሮን ቢገባ አልጠላም።