የዋስ ያለህ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ አለን። የማወጋችሁ በማሳደጊያ አድገው፣ ዕድሜያቸው ሲሞላ ቤት ሊከራዩ ስለሚወጡ ልጆች ነው። ነገሩን ግን ቀደም ካለው ልጀምረው።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን የማያውቅ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። በልጅነታቸው ሳይወዱ ተድረው፣ ከዚያ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ኋላም በወሎው ረሃብ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄዱና በመንገዱ ያዩትን አዩ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፣ ሌላም ጨመሩ፣ ዓመቱ ሳይወጣም ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸውም በቃኝ አሉ፤ እሳቸውም ልጆቹን ይዘው ከትዳራቸው ወጡ፣ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡም አሳደጓቸው። በ2013 ሰኔ ማለቂያ ላይ ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሰው ብዙ ነው። ሰው ርኅራኄያቸውን ያወሳል፤ እኔ ቆሜ የምቀረው ግን ልጅ ለማስጠጋት ሲሉ ከገዛ በራቸው መውጣታቸው ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያደገ ልጅ አንድ ቀን 18 ዓመት ይሞላዋል። የቤተሰብ ሕጉ ከዚያ ወዲያ ሞግዚት የለህም ይለዋል። የውጭ አገር ጉዲፈቻም በ2010 በአዋጅ ቀርቷልና እዚሁ ያደገው እዚሁ ይወጣል። በእኛ ቤት 18 የሞላው ምን ያደርጋል? ምሳውን በልቶ ይተኛል፤ ሠላሳ ሞልቶት አግብቶ ቢወጣም እሑድ እሑድ እየመጣ ድስት ይከፍታል። ማንም ራስህን ቻል አይለውም፤ ብንለውም አይሰማንም።

እንግዲህ አንዲት ልጅ ላቁምላችሁ። ስም አልሰጣትም፤ ከብዙዎች ዕጣ ቀጣጥዬ የሠራኋት ናት። ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፣ እሷም ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ ሰነዷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የማቋቋሚያ ገንዘቧን ጡቷ ሥር ወሽቃ ከኮልፌ ተነሣች፤ ያሳደገቻት የማሳደጊያው ሞግዚትም ፍራሽ፣ ባልዲና ብርድ ልብስ ይዛ ተከተለች። የታክሲው ረዳት ለፍራሹ የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀ፣ ተከራከሩ፣ ከፈሉ፤ ከዚያም ፒያሳ ወረዱ፣ ሌላ ታክሲ ያዙ፣ ፈረንሳይ ሰፈር ሲደርሱም ዝናቡ ወረደ፤ ሁለቱም ፍራሹን በራሳቸው ላይ አድርገው ጭቃውን ዳገቱን ወጡት።

ደላላው ያገኘላቸው ከግቢው ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበረች። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ደንቡን ዘረዘሩ፦ ምጣድ አይቻልም፣ እንግዳ አያድርም፣ ማታ ሦስት ሰዓት በሩ ይዘጋል፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ይከፈላል። ቀጠሉናም ዋናውን ጠየቁ፦

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ሞግዚቷ ግን ለዚህ ነበር የመጣችው። የእርጥብ ነጠላዋን ጫፍ ጨምቃ ተቀመጠችና፦

«እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ እትዬ። ብትታመም እኔ እጠራለሁ፣ ኪራይ ቢጎድልም ይኸው ስልኬ» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ አነሣች፤ ውሉ በጽሑፍ እንደሚሆንና እንደሚመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንደማያንስ፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንደማይበልጥ ተናገረች። ሴትዮዋ ስለ አዋጁ እምብዛም ደስ አላላቸውም፤ ስለ ስልኩ ግን ደስ አላቸው። ቡና አፈሉ። እኔ እንደማየው ብዙ ማሳደጊያ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጥና ይህችን አብራ የምትሄድ ሴት ይረሳል። ያለ ዋስ ኪራይ ማግኘት ይከብዳል፣ አድራሻ ከሌለ የወረዳው መታወቂያ ይዘገያል፣ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ የቀጣሪ በር አይከፈትም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዋ ሌሊት ክፉ ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአንድ ክፍል ከስምንት ልጅ ጋር ስትተኛ ኖራ ብቻዋን ሆነች፤ የሚያስል የለም፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚናገር የለም፣ እንቅልፍም አልመጣ አላት። በማግስቱ ሽሮ ልትሠራ ተነሣች። ማሳደጊያው ወጥ ቤት ስታግዝ ስላደገች ልኩን ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን የመቶ ሰው ልክ ነው! ቀንሳ ቀንሳ ሠርታ እንኳ ሦስት ቀን በላችው። የካርድ ቆጣሪው ሂሳብ ሲያልቅ መብራት ሄደ ብላ ሁለት ሌሊት በሻማ ተቀመጠች፤ የሚሞላ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር።

ሞግዚቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጣች፣ ኋላም በየወሩ፣ ኋላም ለበዓል። ልጅቷም ልብስ ስፌት ቤት ገባች፣ ደመወዟንም ከፋፍላ ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለዕቁብ ማድረግ ለመደች። ዓመቱ ሲጠጋ የቤቱ ባለቤት ወደ ሰፈሩ እድር ይዘዋት ሄዱ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የቤተሰብሽን ስም አላት፤ እሷም አብረዋት ያደጉ የሁለት ልጆችን ስም አስጻፈች።

«የአባታቸው ስም ለየቅል ነው እኮ!» አለ ጸሐፊው፣ ብዕሩን አንሥቶ።

«እህቶቼ ናቸው።»

ጸሐፊው የእድሩን ዳኛ አየ፣ ዳኛውም የቤቱን ባለቤት አዩ፤ ሴትዮዋም «እኔ ዋስ ነኝ፣ ጻፍ» አሉ፣ ተጻፈ።

ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ ለቅሶ ሆነና ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹም ትልቁን ድስት ጥደው ጨውና ውሃው ላይ መከራከር ጀመሩ፤ አንዷ ጨምሪ ትላለች፣ አንዷ በቃ። ልጅቷ ሽንኩርት ከምትልጥበት ተነሣች፣ ድስቱን አየች፣ ስንት ሰው ነው ብላ ጠየቀች። መቶ ገደማ አሏት። ማማሰያውን ተቀብላ ጨውን በእፍኟ ለካች።